ስለ ቤት እሳትና ስለ መልካም ምድጃ አመራረጥ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ነገር ከሩቅ የመጣ አይደለም። በእያንዳንዳችን ቤት መካከል በየማታው ስለሚነደው እሳት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሽ የሚመስለው ከልጅነታችን ጀምሮ በየቀኑ ስላየነው ነው እንጂ በእውነቱ ትንሽ ሆኖ አይደለም። የቤተ ሰብ ጤና፥ የእርሻ ልማትና የዛፍ መኖርና አለመኖር ሁሉ ከዚህ ከአንድ እሳት ጋር የተያያዘ ነውና፥ ጥቂት ጊዜ ታግሣችሁ እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ።

አስቀድሜ እሳትን ላመስግን። የደጋ ሰው የሐምሌን ብርድ ያለፈው በእሳት ነው። ተረት የሰማነው፥ እንቆቅልሽ የተማርነው፥ አያቶቻችን የዘር ሐረጋችንን የቈጠሩልን በእሳት ዙሪያ ተቀምጠን ነው። እንግዳ ቢመጣ ፊተኛው ክብር ወደ እሳቱ ማስጠጋት ነው። ቡና የሚፈላው፥ እንጀራ የሚጋገረው፥ ለወላድ ገንፎ የሚገነፋው በእርሱ ነው። እንዲህ ያለውን ባለ ውለታ «ከቤት አውጡት» የሚል ሰው ቢመጣ፥ ሽማግሌ ቢቈጣ አይፈረድበትም። እኔም እሳትን አውጡ ለማለት አልመጣሁም። ለእሳት የተሻለ ቤት እንሥራለት፥ እርሱም በእኛ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይተው ለማለት ነው እንጂ።

አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው ተርተዋል። ተረቱ እውነት ነው፤ ሦስቱን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ሦስት ድንጋይ ቢተኩበት ወጡ ያው ወጥ ነው። ነገር ግን ይህ ተረት የተነገረው ስለ ወጥ ጣዕም ነው፤ ስለ እናት ዓይን፥ ስለ ሕፃን ሳንባ፥ ስለ ማገዶ ብዛት አልተነገረም። እኔ ዛሬ የምናገረው ተረቱ ስላላነሣው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነገር ነው።

እኔ የ8 ዓመት ልጅ ሳለሁ ታናሽ እኅቴ ገና መራመድ ጀምራ ነበር። እናታችን ውሃ ልትቀዳ ወጣች፤ እኔም «ጠብቃት» ተብዬ ሳለሁ በራፍ ላይ ቆሜ ከጓደኞቼ ጋር እነጋገር ነበር። ጩኸት ሰምቼ ብገባ እኅቴ በጉልቻው መካከል በእጅዋ ተደግፋ ወድቃ አገኘኋት። ነፍስዋ ተረፈች፤ የቀኝ እጅዋ ሦስት ጣቶች ግን እስከ ዛሬ እንደ ተጣበቁ ናቸው። እናታችን እስከ ዕለተ ሞቷ ራስዋን ትወቅስ ነበር፤ እኔም ራሴን እወቅሳለሁ። ነገር ግን ዕድሜዬ ከፍ ሲል ሌላ ነገር አስተዋልሁ። እሳቱ ከመሬት ጋር እኩል ነበር፤ ዙሪያውም ያለ አንዳች መከለያ ክፍት ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሕፃን አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም፤ የማይታወቀው ቀኑ ብቻ ነው። ከናንተም መካከል በመንደሩ እንዲህ ያለ ጠባሳ ያለበትን ሰው የማያውቅ ይኖራል ብዬ አላስብም።

አሁን ደግሞ ጢስ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ጢስ ማለት ያልተቃጠለ እንጨት ማለት ነው። እንጨት በጋለ ጊዜ ከውስጡ የሚነድ እንፋሎት ይወጣል፤ ይህ እንፋሎት በቂ ሙቀትና በቂ አየር ካገኘ ነበልባል ይሆናል፤ ሙቀቱ ያነሰ እንደ ሆነ ግን ሳይነድ ያመልጥና ጢስ ይሆናል። በሦስት ጉልቻ ላይ እሳቱ በአራቱም ማዕዘን ለነፋስ የተጋለጠ ስለ ሆነ ሙቀቱ ይበተናል፤ ከእንጨቱም ሙቀት አብዛኛው ወደ ድስቱ ሳይደርስ ወደ ግድግዳውና ወደ ጣራው ይሄዳል። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ አዲስ የተቈረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላልና፥ እሳቱ አስቀድሞ ያንን ውሃ ሲያፈላ ይደክማል። ስለዚህ ጢስ የሚበዛበት ቤት ማገዶ የሚባክንበት ቤት ነው። በጣራው ላይ የተንጠለጠለው ጥቀርሻ ሴቶቻችን በጀርባቸው ተሸክመው ያመጡት እንጨት ነው።

በጢሱ ውስጥ ሁለት ክፉ ነገሮች አሉ። አንደኛው ዓይን ለይቶ ሊያየው የማይችል ደቃቅ ብናኝ ነው፤ እርሱም እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይገባል፤ ከዚያም አልፎ ልብንና የደም ሥርን ይጐዳል። ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ነው፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ እናገራለሁ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3 ሚሊዮን 2 መቶ ሺህ ያህል ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው። የሕፃናት የሳንባ ምች፥ የአዋቂዎች የሚያፍን ሳል፥ የዓይን ሞራ፥ የልብ ሕመምና በድንገት ሰውነትን የሚያሽመደምድ በሽታ ከጢሱ ጋር የተያያዙ ናቸው። በአገራችንም ከ10 ቤት 9 ያህሉ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚያበስለው በእንጨት፥ በኩበት፥ በጭራሮና በከሰል ነው። ይህን ጢስ ከሁሉ ይልቅ የሚጠጡት ምድጃ ሥር የሚውሉት እናቶችና በጀርባቸው የታዘሉት ሕፃናት ናቸው። እኛ ወንዶች በዚያን ሰዓት ደጅ ነንና ነገሩ ቀላል ይመስለናል።

ምናልባት «ይህ የድሀ አገር ነገር ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ አይደለም። ዛሬ ባለጸጎች የምንላቸው አገሮች ሁሉ በዚሁ መንገድ አልፈዋል። በአሜሪካ ቤንጃሚን ፍራንክሊን የተባለው ሊቅ በ1740ዎቹ ዓመታት፥ በእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ የሚነደው ክፍት እሳት ሙቀቱን በጢስ ማውጫው እንደሚያባክን አይቶ፥ ከብረት የተሠራ ምድጃ አወጣ። ራምፎርድ የተባለው ሊቅም በ1790ዎቹ ዓመታት የእንግሊዞችን የግድግዳ እሳት ጥልቀቱን አሳንሶ፥ ጐንና ጐኑን ወደ ክፍሉ አዘንብሎ፥ የጢስ ማውጫውን ጕሮሮ አጥብቦ ሠራው፤ ከዚህም የተነሣ ሙቀቱ ወደ ሰው ተመለሰ፥ ጢሱም ወደ ላይ ወጣ። የሁለቱም ጥበብ አንድ ነው፤ እሳትን መክበብ፥ ለጢስ መንገድ መስጠት።

ነገር ግን ጢስን ከቤት ማውጣት ብቻ እንደማይበቃ የለንደን ሰዎች በብርቱ መከራ ተማሩ። በዚያ ከተማ እያንዳንዱ ቤት በመቀመጫ ክፍሉ የድንጋይ ከሰል ያነድ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር ከ5 እስከ 9 ቀን ነፋስ ቆሞ ብርድ በበረታ ጊዜ፥ ከቤቶቹና ከፋብሪካዎቹ የወጣው ጢስ እንደ መጋረጃ በከተማው ላይ ተጋረደ። በዚያን ጊዜ 4 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ተቈጠረ፤ በኋላ የመረመሩት ሊቃውንት ግን ቍጥሩ እስከ 12 ሺህ ሊደርስ እንደሚችል ተናገሩ። ስለዚህ በ1956 ዓ.ም. የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ፤ ጢስ የማያወጣ ማገዶ ብቻ የሚነድባቸው ሰፈሮች ተከለሉ፤ ቤተ ሰቦችም ምድጃቸውን እንዲለውጡ የገንዘብ እርዳታ ተሰጣቸው። እንግሊዞችም እንደ እኛ በእሳት ዙሪያ መቀመጥ የሚወዱ ሕዝብ ነበሩ፤ ነገር ግን ልማዳቸውን ሳይሆን እሳታቸውን ለወጡ። ከጎረቤት ሰው ስሕተት የሚማር ራሱ ሳይሳሳት ይማራል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ከመሠረቱ በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ አለቀ። በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ባይተከል ኖሮ ከተማይቱ በማገዶ እጦት ብርቱ ችግር ላይ በወደቀች ነበር። ባሕር ዛፍ ያን ጊዜ አዳነን፤ ነገር ግን ሰው በበዛ ቍጥር አንድ ዛፍ ብቻውን ሁሉን ሊያድን አይችልም። ዛፍ ባለቀበት አገር ደግሞ ሰው ወደ ኩበት ይመለሳል። ኩበት ማለት የእርሻ ምግብ ነው። ወደ እርሻ ቢወርድ ገብስና ስንዴ ይሆን የነበረውን ፍግ በምድጃ ውስጥ አመድ አድርገን፥ ከዚያ በኋላ ማዳበሪያ በገንዘብ ለመግዛት እንሄዳለን። በአንድ እጅ አቃጥሎ በሌላው እጅ መግዛት ብልህነት አይደለም።

እንግዲህ በሦስቱ ጉልቻ ፋንታ ምን እንምረጥ? መልካሞቹን ከመቍጠሬ በፊት መልካም የሚመስሉትን ሁለቱን ላስጠንቅቅ።

አንደኛው ከሰል ነው። ከሰል አይጤስም፥ ያምራል፥ በእንግዳ ፊት ቢያስቀምጡት አያሳፍርም። ነገር ግን በልማድ በአፈር ተቀብሮ የሚከሰለው እንጨት፥ 1 ኪሎ ከሰል ለመስጠት ብዙውን ጊዜ 6 ኪሎ ወይም ከዚያ የሚበልጥ እንጨት ይፈጃል። ጢሱን ከቤታችን ወደ ዱር አዛወርነው እንጂ አላጠፋነውም። ከዚህም የሚከፋው፥ የጋለ ከሰል ያን መልክና ሽታ የሌለውን መርዝ በብዛት ያወጣል። ይህ መርዝ በደም ውስጥ ከአየር ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበረታ ኃይል ይጣበቃልና፥ ሰውየው አየር እየሳበ ሳለ ታፍኖ ይሞታል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማው በጊዜው ይወጣል፤ ተኝቶ ከሆነ ግን አይነቃም። ስለ ብርድ ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ቤተ ሰቦች ጠዋት በድን ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ለቡና ከሰል ብታነዱ በደጅ አቀጣጥሉት፤ ስታስገቡት በርና መስኮት ክፈቱ፤ ከመኝታ በፊት ከነረመጡ ወደ ውጭ አውጡት። አመድ የለበሰ ፍም የሞተ ይመስላል እንጂ መርዙን አላቆመም።

ሁለተኛው ላምባ ነው። የላምባ ምድጃ ፈጥኖ ይነዳል፤ ነገር ግን ጢሱ ለሳንባ ክፉ ነው፤ ቃጠሎ ያስነሣል፤ በጠርሙስ የተቀመጠውንም ልጆች ውሃ መስሏቸው ይጠጡታል። የዓለም የጤና ድርጅትም በቤት ውስጥ ላምባ እንዳይነድ ይመክራል።

አሁን መልካሞቹን ልቍጠር።

ፊተኛው «ምርጥ ምድጃ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ነው። ይህ ምድጃ ከ30 ዓመታት በፊት በዚሁ በአገራችን ለእንጀራ ተብሎ የተፈጠረ ነው። ከሲሚንቶና ቀላል ከሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደቃቅ ተደባልቆ በ6 ቍራጭ ይሠራል፤ አራቱ ቍራጭ ምጣዱን የሚሸከመው ክብ ይሆናሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ ይገጠሙና በሚወጣው ሙቀት ላይ ድስት ያስቀምጣሉ። እንጀራው ሲጋገር ወጡ ወይም ውሃው ከኋላ ይሞቃል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲመዛዘን ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ያድናል። እሳቱ የተከበበ ስለ ሆነ የጋጋሪዋን እግርና ፊት አይለበልብም፤ ሕፃንም በውስጡ አይወድቅም። ጢስ ማውጫ ከተገጠመለት ደግሞ ጢሱ በቧንቧው ይወጣል።

ሁለተኛው ለወጥና ለቡና የሚሆነው ነው። «ጎንዜ» የሚባለው ከሸክላ የሚሠራ ሲሆን ሸክላ ሠሪዎቻችን ሊሠሩት ይችላሉ። «ትክክል» የሚባለው ውስጡ ሸክላ ውጭው ቆርቆሮ ነው፤ በውስጡ ቀጥ ብሎ የቆመ ጠባብ ጕሮሮ ስላለው እንጨቱ በብዙ ሙቀት ይነዳል፥ ጢሱም ያንሳል። ከሰልን ፈጽሞ መተው ለማይችል የከተማ ሰው «ላቀች» የሚባለው ምድጃ አለ፤ እርሱም ከኬንያው የሸክላና የቆርቆሮ ምድጃ የተወሰደ ነው፤ ከሰሉን ይቈጥባል፥ ስለ መርዙ የተናገርሁትን ማስጠንቀቂያ ግን አያስቀርም።

ሦስተኛው ባዮጋዝ ነው። በመሬት ውስጥ በተሠራ ጕድጓድ የከብት እበትና ውሃ እኩል ለእኩል ተበጥብጦ ይገባል፤ አየር በሌለበት ሲብላላ የሚነድ ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙም በቧንቧ ወደ ምድጃው ይመጣል። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ ጥቀርሻ የለውም። ከጕድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ለእርሻ ብርቱ ማዳበሪያ ነው። እንግዲህ እበቱ ሁለት ጊዜ ያገለግላል፤ አስቀድሞ ያበስላል፥ በኋላም ያበቅላል። በአገራችን ይህን የሚያስፋፋ ብሔራዊ ሥራ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ተጀምሮ፥ «ስንዱ» የተባለው ዓይነት በአማራ፥ በኦሮሚያ፥ በትግራይና በደቡብ ተሠርቷል። ነገር ግን ለሁሉ አይሆንም፤ አራት ያህል ከብት፥ ቅርብ ውሃና ትጉህ ሰው ይፈልጋል፤ ብርድ በበረታበት አገር ጋዙ ይቀንሳል፤ ለወጥና ለቡና ሲስማማ እንጀራ ለመጋገር ግን የተለየ ምጣድ ያሻዋል።

አራተኛው ኤሌክትሪክ ነው። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኃይሉም 5,150 ሜጋዋት ነው። መብራት በደረሰበት መንደር የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁሉ የሚበልጥ ንጹሕ ነው፤ በቤት ውስጥ ጢስ የሚባል ነገር የለውም። ነገር ግን አንድ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባልና፥ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ መሰካት ቤት ማቃጠል ነው። ባለሙያ ወፍራም ሽቦና መቍረጫ ሳያስገባ አይደረግም። መብራት በጠፋ ቀንም ጦም እንዳይታደር ምርጡን ምድጃ በጎን ማቆየት ይገባል።

እንግዲህ ከእነዚህ አንዱን ከመምረጣችን በፊት የራሴን ስሕተት ልናገር። በመጀመሪያ ባስተማርሁበት መንደር፥ ይህን ነገር በመጽሐፍ አንብቤ ልቤ ስለ ተቃጠለ፥ በደመወዜ ሦስት ምድጃ ገዝቼ ለሦስት ቤት ሰጠሁ። ስድስት ወር ቈይቼ ብጠይቅ አንዱ የዶሮ ማደሪያ ሆኗል፤ አንዱ ተሰብሯል፤ አንዱ ደጅ ተቀምጦ ዝናብ ይመታዋል። ተቈጥቼ ወደ ቤት ስመለስ ለእኅቴ ነገርኋት፤ ይህችው እጅዋ የተቃጠለው እኅቴ ናት። እርስዋም በተጣበቁ ጣቶችዋ ሊጥ እያወጣች፥ «ወንድም ጋሼ፥ ማንን ጠይቀህ ነው የሰጠሃቸው?» አለችኝ። እኔም «ባሎቻቸውን» አልኋት። «ባሎቻቸው ይጋግራሉ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ተመልሼ ሴቶቹን ጠየቅሁ። አንዲቱ «ምጣዴ ሰፊ ነው፥ አፉ አልገጠመም፤ እንጀራው ከዳር ጥሬ ይሆናል» አለች። ሁለተኛይቱ «እንጨቱ በትንሹ መፈለጥ አለበት፤ እኔ ደግሞ መጥረቢያ የሚያነሣልኝ የለም» አለች። ሦስተኛይቱ «ማታ ቤቱ ጨለመብን፥ ልጆቹም በረዳቸው» አለች። ሁሉም እውነት ተናገሩ። ምድጃው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እኔ ሳልጠይቅ መስጠቴ ነው። ስለዚህ ፊተኛው ምክሬ ይህ ነው፤ ምድጃን ስትመርጡ አስቀድማችሁ የምትጋግረውን ጠይቁ። ገንዘቡ በአባት እጅ ቢሆንም ዕውቀቱ በእናት እጅ ነው።

ስለ አመራረጡ አምስት ጥያቄዎች እሰጣችኋለሁ። በዚህ ቤት ከሁሉ የሚበልጠውን ማገዶ የሚፈጀው ምንድር ነው፥ እንጀራ ነው ወይስ ወጥ? ምጣዱ ስንት ስንዝር ነው፥ ምድጃውስ ይገጥመዋልን? ማገዶው ከወዴት ይመጣል፥ ማን ይሸከመዋል፥ ማንስ ይፈልጠዋል? ከብት፥ ውሃና መብራት አለን? ቢሰበር በአቅራቢያ የሚጠግነው ሰው ይገኛልን? ለእነዚህ መልስ የተገኘ እንደ ሆነ ምርጫው ራሱ ይገለጣል።

ምድጃውም ብቻውን ሥራውን አይፈጽምም። በጓቲማላ አገር ሊቃውንት ከ2002 እስከ 2004 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ለአንዳንድ ቤተ ሰቦች ጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሰጥተው፥ ሌሎቹን በክፍት እሳታቸው ትተው ሕፃናቱን ተከታተሉ። ምድጃው ባለበት ቤት ሕፃናቱ የሚስቡት ጢስ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ብርቱው የሳንባ ምችም በሲሶ ያህል አነሰ። መልካም ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ጢስ ቀርቷል። ስለዚህ ማጀቱን ከመኝታው መለየት፥ ከፍ ባለ ስፍራ መስኮት መክፈት፥ እንጨትን ፈልጦ ከዝናብ በተጠለለ ቦታ ወራት አስቀድሞ ማድረቅ፥ ሕፃናትን ከጢሱ ማራቅ ከምድጃው ጋር አብረው የሚሄዱ ናቸው። አዲሱን ምድጃ ገዝቶ ጉልቻውንም በጎን ማንደድ ትርፍ የለውም።

ሽማግሌዎች በጐ ጥያቄ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። «ጢስ የሳር ክዳኑን ከምስጥ ይጠብቃል፥ ከእሳቱ በላይ የሰቀልነውንም ዘር ከነቀዝ ያድናል» ትላላችሁ። እውነት ነው። ስለዚህ ዘሩን ከተለየው ማጀት ጣራ ሥር ስቀሉት፤ ጢሱ ለዘር ይሁን፥ ለሕፃን አይሁን። ክዳኑንም በጊዜው አድሱ፤ ሣር በየጊዜው ይለወጣል፥ ሳንባ ግን አይለወጥም። ስለ ብርዱና ስለ ጨለማው ደግሞ፥ ግድግዳው በጭቃና በጭድ በሚገባ ቢመረግ፥ ቀዳዳው ቢደፈን፥ በፀሐይ የሚሞላ ትንሽ መብራት ቢገዛ፥ ተረቱ አይቋረጥም።

ስለ ውበትም ጥቂት ልናገር፤ ሰው ያማረውን ነገር ይጠብቃልና። የጢስ ቤት ግድግዳ ጥቁር ነው፤ ኖራ ቢቀቡት በወሩ ይጠቍራል። ጢሱ ከቀረ ግን ነጩ ነጭ፥ ቀዩ ቀይ እንደ ሆነ ይኖራል። ምድጃውን ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ አኑሩት፤ ዙሪያውን በጭቃና በጭድ ለስላሳ አድርጋችሁ ምረጉት፤ በነጭና በቀይ አፈር አስጊጡት። በመቀመጫው ክፍልም ጉልቻው በነበረበት መካከል ረከቦትና መሶብ ይቀመጥ። ያን ጊዜ እንግዳ ሲገባ ዓይኑን እያሸ አይቀመጥም፤ የቤቱም ልጅ በጥናት ሰዓት መጽሐፉን ያለ እንባ ያነባል።

እናንት መምህራን ሆይ፤ ይህን ነገር በቃል ብቻ አታስተምሩት። ልጆቹ የእናታቸውን የሳምንት የመጋገሪያ እንጨት በሚዛን ይመዝኑ። አንድ ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲጋግር በአንዱ ጊዜ 10 ኪሎ ቢያነድ በሳምንት 20 ኪሎ ይሆናል፤ ምድጃው ግማሹን ቢያድን በሳምንት 10 ኪሎ፥ በ52 ሳምንት 520 ኪሎ ይተርፋል። ልጁ ይህን በራሱ ቤት ቍጥር አስልቶ በማታ ለአባቱ ያንብብለት። እንደዚሁም አንድ ነጭ ጨርቅ ከጉልቻው በላይ፥ አንድ ነጭ ጨርቅ ከአዲሱ ምድጃ በላይ ለአንድ ሰዓት ሰቅላችሁ አሳዩአቸው። ጨርቁ እንዲህ ከሆነ ሳንባው እንዴት ይሆን ብለው ራሳቸው ይጠይቃሉ።

እናንት ሽማግሌዎች ሆይ፤ ቃላችሁ በመንደሩ ከመምህር ቃል ይልቅ ይሰማል። የምድጃው ዋጋ በአንድ ጊዜ ሲከፈል ይከብድ ይሆናል፤ ነገር ግን ዕቁብ ያለን ሕዝብ ነን። አሥር ቤት ዕቁብ ገብቶ በየወሩ ለአንድ ቤት ምድጃ ቢያወጣ በአሥር ወር አሥሩም ቤት ከጢስ ይወጣል። መጀመሪያ ዕጣ የሚወጣለት ግን በጀርባዋ ሕፃን ያዘለች እናት ያለችበት ቤት ይሁን ብላችሁ ፍረዱ። ማጀት ለመሥራትም ደቦ ጥሩ፤ ለእርሻ የምንጠራው ደቦ ለእናቶቻችን ቢጠራ አይበዛም።

ንግግሬን እዚህ ላይ እፈጽማለሁ። እኅቴ ዛሬ ልጆች አሏት። ባለፈው ዓመት ልጠይቃት ሄጄ ትንሹ ልጅዋ በማጀቷ ውስጥ ሲድኽ አየሁና እንደ ልማዴ ደንግጬ ልይዘው ተነሣሁ። እርስዋም «ተወው፥ ወንድም ጋሼ፤ የሚወድቅበት የለም» አለችኝ። ምድጃው ከፍ ብሎ በመደቡ ላይ ነበረ፤ ልጁም ደርሶ በእጁ መደቡን መታ መታ አድርጎ ተመለሰ። በየመንደራችን ያለች እናት ሁሉ ይህን ቃል ለመናገር እንድትችል በያላችሁበት እንድትደክሙ በማክበር እለምናችኋለሁ።